ስምንት ተከታታይ ሽንፈት ተሸክሞ ወደ ፕሌይኦፍ መግባት፦ የዲትሮይት ታይገርስ ደጋፊዎች ምን ያህል እንፍራ?

ነብሩ_84፦ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 24፣ 2025፣ ከጨዋታው በኋላ

ጤና ይስጥልኝ። ይህን የምጽፈው የቤዝቦል ቡድናችን ዲትሮይት ታይገርስ ክሊቭላንድ ላይ 5 ለ 1 ተሸንፎ የምድቡን መሪነት ካስረከበ በኋላ ስለሆነ፣ አነጋገሬ ውስጥ ንዴት ቢገኝ እንደማትፈርዱብኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ጁላይ አጋማሽ ላይ ኦልስታር የሚባለው ዕረፍት ላይ ስንደርስ 59 አሸንፈን 38 ተሸንፈን ነበር፤ ከሜጀር ሊግ ቡድኖች ሁሉ የላቀ ውጤት የኛ ነበር። ጁላይ 8 ቀን ክሊቭላንድ ጋርዲያንስ በ15 ጨዋታ ተኩል ርቀት ላይ ከኋላችን ነበረ፤ ያን ጊዜ ስለ ክሊቭላንድ መጨነቅ ቀርቶ ስሙን የሚያነሳም አልነበረም። ዛሬ ማታ ግን 85 አሸንፈን 73 ተሸንፈናል፤ ክሊቭላንድ 86 ለ 72 ሆኖ በአንድ ጨዋታ ይመራናል። ከዕረፍቱ ወዲህ ያለውን ለብቻው ብናሰላው 26 አሸንፈን 35 ተሸንፈናል ማለት ነው። የመጨረሻዎቹ ስምንት ጨዋታዎች በሙሉ ሽንፈት ናቸው፤ በገዛ ሜዳችን ሦስቱን በክሊቭላንድ፣ ሦስቱን በአትላንታ ብሬቭስ፣ አሁን ደግሞ ሁለቱን ክሊቭላንድ ሄደን። የቀሩን አራት ጨዋታዎች ናቸው፤ ነገ አንዱን እዚያው እንጫወታለን፣ ሦስቱ ቦስተን ላይ ናቸው። ለመጨረሻው የፕሌይኦፍ ቦታ በሚደረገው ፉክክር ደግሞ ሂውስተን አስትሮስ በአንድ ጨዋታ ልዩነት ይከተለናል።

ከውጤቱ በላይ እንቅልፍ የነሳኝ የማክሰኞው ስድስተኛ ኢኒንግ (ከጨዋታው ዘጠኝ ክፍሎች ስድስተኛው) ነው። ታሪክ ስኩባል እየወረወረ 2 ለ 0 እንመራ ነበር፤ ባለፈው ዓመት ለዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ የሚሰጠውን የሳይ ያንግ ሽልማት ያለ ተቃራኒ ድምፅ የወሰደ ሰው ሜዳ ላይ ቆሞ ሌላ ምን ይፈለጋል? የክሊቭላንድ መቺዎች ግን ዱላውን መወንጨፍ ትተው ኳሱን ከፊታቸው በቀስታ እያሳረፉ መሮጥ ያዙ። ከነዚያ ባንት ከሚባሉ ቀስተኛ ምቶች አንዱን ስኩባል ራሱ ሮጦ ደረሰበትና ጀርባውን ለአንደኛ ቤዝ እንደሰጠ በእግሮቹ መካከል አሾልኮ ወረወረው፤ ኳሱም ተቀባዩን አልፎ ሄደ። ቀጥሎ ዴቪድ ፍራይ ባንት ለማድረግ ሲያጎነብስ በሰዓት 99 ማይል የሚበር ኳስ ፊቱን መታው፤ እሱን በዚያ ሁኔታ ከሜዳ ሲያወጡት ያየ ሰው ስለ ነጥብ ለማሰብ እንኳ ያፍራል። ጨዋታው ሲቀጥል አንድ ኳስ ከያዡ አመለጠ፣ ባልክ (የወርዋሪ የእንቅስቃሴ ጥፋት) ተፈረደብን፣ ያለ አንድም ረጅም ምት ሦስት ነጥብ ተቆጠረብን። ሆም ራን (የሜዳውን አጥር የሚያልፍ ምት) ቢመቱብን «በለጡን» ብዬ እተወው ነበር። ይህ ግን እጃችን ላይ ያለውን ነገር ራሳችን ስንበትነው ነበር፤ የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንደሚባለው ቡድኑ ሽንፈቱን አስቀድሞ የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ወቅት በኋላ ያለው የጥሎ ማለፍ ውድድር) ብንገባ እንኳ በዚህ አቋም ገብተን የሚረባ ነገር መሥራት ይቻላልን? በመጨረሻው ወር እንዲህ የወረደ ቡድን በኦክቶበር ተነስቶ ያውቃል? ወይስ የገባነው ለደንቡ ያህል ሆኖ በሁለት ቀን እንሸኛለን? ማጽናኛ አልፈልግም፤ በማስረጃ የሚያስረዳኝ ሰው ካለ ግን በጣም አመሰግናለሁ።

ዘጠነኛው_ኢኒንግ፦

ማስረጃ ከፈለጉ ሩቅ መሄድ አያስፈልግዎትም፤ የራሳችን የ2006 ቡድን አለልዎት። የዚያን ዓመት ታይገርስ ምድቡን አብዛኛውን ጊዜ ሲመራ ቆይቶ የመጨረሻዎቹን አምስት ጨዋታዎች በሙሉ ተሸነፈ። ከነዚህ ሦስቱን የተሸነፈው ደግሞ በገዛ ሜዳው፣ በዚያ ዓመት 100 ጨዋታ በተሸነፈው በካንሳስ ሲቲ ሮያልስ ነበር። በመጨረሻው ቀን ሚኔሶታ ትዊንስ ምድቡን ወሰደብን፤ እኛ በዋይልድ ካርድ፣ ማለትም ምድቡን ላላሸነፈ ቡድን በሚሰጠው ቦታ ገባን። ያን ሳምንት የነበረው ለቅሶ ዛሬ ካለው አያንስም ነበር። ከዚያስ? ያንኪስን 3 ለ 1 አሸነፍን፣ ኦክላንድን አራቱንም ጨዋታ ረታን፤ ማግሊዮ ኦርዶኔዝ በአራተኛው ጨዋታ ዘጠነኛ ኢኒንግ ላይ የመታው ሆም ራን እስከ ዛሬ ከደጋፊው አፍ አልጠፋም።

አሁን የሚመጣው ክፍል ግን ለጥያቄዎ ይበልጥ ይጠቅማል። ወርልድ ሲሪስ (ለዋንጫው የሚደረገው የመጨረሻ ዙር) የደረስነው ሰባት ተከታታይ ድል ይዘን፣ አርፈን፣ ሁሉ ነገር ተሳክቶልን ነበር። የገጠመን ሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ በመደበኛው ወቅት 83 ጨዋታ ብቻ ያሸነፈ፣ በሴፕቴምበር መጨረሻ ሰባት ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፎ ምድቡን ሊያጣ ለጥቂት የተረፈ ቡድን ነበር። እሱ 4 ለ 1 አሸነፈን። በነዚያ አምስት ጨዋታዎች የታይገርስ ወርዋሪዎች ራሳቸው አምስት የመከላከል ስህተት ሠሩ፤ በየጨዋታው አንድ። የማክሰኞው የስኩባል ውርወራ ለዕድሜ ጠገቡ ደጋፊ አዲስ ሕመም አለመሆኑን ልብ ይሏል። ስለዚህ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ነገር አየን፤ ወድቆ የገባው ቡድን ተነሳ፣ በድል ላይ ድል ይዞ የደረሰውም ቡድን ጠፋ።

ሌሎቹንም በአጭሩ ልጥቀስ። የ2000ው ያንኪስ ከመጨረሻዎቹ 18 ጨዋታዎች 15ቱን ተሸንፎ፣ 87 ብቻ አሸንፎ ገብቶ ዋንጫውን አነሳ። በ2017 ክሊቭላንድ 22 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ የአሜሪካን ሊግን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በፕሌይኦፉ ግን 2 ለ 0 ከመራ በኋላ በያንኪስ 3 ለ 2 ተሸንፎ በመጀመሪያው ዙር ተሰናበተ። በዚያው ዓመት ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ በአንድ ወቅት ከ17 ጨዋታ 16ቱን ተሸንፎ ነበር፤ ሆኖም ወርልድ ሲሪስ ደርሶ ሰባተኛ ጨዋታ ድረስ ተፋለመ። በ2023 አሪዞና ዳይመንድባክስ የመጨረሻዎቹን አራት ጨዋታዎች ተሸንፎ፣ 84 ብቻ አሸንፎ ገብቶ ወርልድ ሲሪስ ደረሰ።

በአንጻሩ መግባቱን ራሱን ያጡ አሉ፤ እውነተኛው ፍርሃት መሆን ያለበት እሱ ይመስለኛል። በ2011 ቦስተን በሴፕቴምበር 7 አሸንፎ 20 ተሸንፎ፣ የዘጠኝ ጨዋታ ብልጫ በትኖ በመጨረሻው ሌሊት ወደቀ። በ2007 ኒው ዮርክ ሜትስ 17 ጨዋታ ሲቀረው በሰባት ይመራ ነበር፤ ቀረ። እኛም ብንሆን በ2009 አራት ጨዋታ ሲቀረን በሦስት እየመራን ነበር፤ በመለያው 163ኛ ጨዋታ በ12 ኢኒንግ 6 ለ 5 በሚኔሶታ ተሸንፈን ቀረን። ያን ምሽት ያየ ሰው ዛሬ ቢፈራ አልፈርድበትም።

በአጭሩ፣ መግባት አለመግባታችንን ፍሩ እላለሁ። ከገባን በኋላ የሴፕቴምበር ሽንፈት ተከትሎን ይመጣል የሚለውን ግን ታሪክ አይደግፈውም።

ቆጣሪው፦

ከላይ የተጻፈው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ምሳሌ በምሳሌ መምዘዝ ሁለቱንም ወገን ሊደግፍ ስለሚችል እኔ በስሌት ልሞክር።

ከመቶ 54 ያህሉን ጨዋታ የሚያሸንፍ ቡድን አለ እንበል፤ ይህ ዛሬ እኛ ካለንበት ጋር ተመሳሳይ ነው። እያንዳንዱ ጨዋታ ከሌላው ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ዕጣ ቢሆን፣ ይህ ቡድን አስቀድሞ በተለዩ ስምንት ጨዋታዎች ሁሉንም የመሸነፍ ዕድሉ ከሺህ ሁለት ገደማ ነው። ይህን ብቻ ያየ ሰው «ይህ በአጋጣሚ ሊሆን አይችልም፣ አንድ ነገር ተበላሽቷል» ማለቱ አይቀርም። ነገር ግን ወቅቱ 162 ጨዋታ ስላለው እንዲህ ያለው ጉዞ ሊጀምር የሚችልበት ቦታ ብዙ ነው። ያን ስናካትት በወቅቱ ውስጥ የሆነ ቦታ ላይ ቢያንስ ስምንት ተከታታይ ሽንፈት የማየት ዕድሉ ወደ ከስድስት አንድ ይጠጋል። ማለትም በየዓመቱ እንዲህ ካሉ ጥሩ ቡድኖች አንዳንዶቹ ላይ ይደርሳል፤ ሜይ ላይ ሲደርስ ማንም አያስታውሰውም፣ ሴፕቴምበር ላይ ሲደርስ ግን ሕዝቡ ስለ ወኔና ስለ ልብ መጻፍ ይጀምራል።

ጨዋታዎች ንጹሕ ዕጣ አለመሆናቸውን አውቃለሁ። ተጋጣሚ ይለያያል፣ ወርዋሪ ይለያያል፣ ጉዳት አለ። ስለዚህ ስምንቱ ሽንፈት ብዙም አላስደነገጠኝም፤ ያስደነገጠኝ ጠያቂው ራሳቸው የጠቀሱት 26 ለ 35 ነው። ስልሳ አንድ ጨዋታ ትንሽ ቁጥር አይደለም። እኔ ከዚህ የምረዳው የጁላዩ ቡድን ከእውነተኛ አቅሙ በላይ፣ የአሁኑ ደግሞ ከአቅሙ በታች እየተጫወተ መሆኑን ነው፤ እውነቱ በመካከል ያለ፣ ከግማሽ ትንሽ የሚበልጥ ቡድን ነው። እንዲህ ያለ ቡድን ደግሞ በሦስት ጨዋታ ዙር ማንንም ሊያሸንፍ ይችላል። በአንድ ጨዋታ 55 ከመቶ የማሸነፍ ዕድል ያለው ቡድን እንኳ የሦስት ጨዋታውን ዙር የማሸነፍ ዕድሉ 57 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ በሰባት ጨዋታም ቢሆን 61 አካባቢ ነው። የተሻለው ቡድን ሁልጊዜ የሚያልፍበት ውድድር ቢሆን ኖሮ በ2001 116 ጨዋታ ያሸነፈው ሲያትል ቢያንስ ወርልድ ሲሪስ ይደርስ ነበር።

ግራ_እጅ፦

ሁለታችሁም ብዙ እውነት ተናግራችኋል፤ ነገር ግን ቡድኑን በዐይናችሁ ሳይሆን በሰንጠረዥ ብቻ ያያችሁት ይመስለኛል። ቁጥሩ «ይህ ቡድን» ሲል የሚቆጥረው አንድ ቡድን እንደሆነ አድርጎ ነው። የጁላዩና የዛሬው ታይገርስ ግን በሰው እንኳ አንድ አይደሉም።

ጃክሰን ጆብ በክርኑ ቀዶ ሕክምና ወቅቱ አብቅቶለታል። ሪስ ኦልሰን በትከሻው ጉዳት አይመለስም። የዝውውሩ መስኮት ሲዘጋ ክፍተቱን ይሸፍናል ተብሎ የመጣው ቻርሊ ሞርተን ሳይሳካለት ቀርቶ በዚህ ሳምንት ተሰናብቷል። ከስኩባል ቀጥሎ በልብ የምንተማመንበት ጨዋታ ከፋች ወርዋሪ ማን ነው? ኬሲ ማይዝና ጃክ ፍላሄርቲ ጥሩ ቀን ሲሆንላቸው ጥሩ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ተቀያሪዎችን እያፈራረቁ ኢኒንግ መሸፈን ነው። ይህን ማድረግ ባለፈው ዓመት ተሳክቶልናል፤ ኦገስት 10 ቀን 55 ለ 63 የነበረው ቡድን ከዚያ በኋላ 31 አሸንፎ 13 ብቻ ተሸንፎ የገባው በዚሁ ዘዴ ነበር። ዘንድሮ ግን ተቀያሪዎቹ ከኤፕሪል ጀምሮ ሲጎተቱ ቆይተው ሴፕቴምበር ላይ የደረሱ ናቸው። የደከመ ክንድ ካላረፈ በቀር አያገግምም፤ እሱን ዕጣ ነው ማለት አይቻልም።

መቺዎቹንም በጥንቃቄ ተመልከቷቸው። ቤዝ ላይ ሰው እያለ፣ ከክልሉ ውጪ በሚወርድ ኳስ ላይ ዱላ መወንጨፍ አብዝተዋል። ገና ሁለት ኳስ እንደተወረወረ ሁለት ስትራይክ (ሦስት ሲሞላ መቺው የሚወጣበት) ይቆጠርባቸዋል፤ ሦስተኛው መሬት እየነካ ሲመጣም ይወነጭፉበታል። አንድን መቺ ብቻ ቢሆን አቋሙ ወረደ እንላለን፤ አሰላለፉ ከላይ እስከ ታች እንዲህ ሲሆን ግን ሁሉም በአንድ ምት ስምንት ነጥብ ሊያመጣ የሚሞክር ይመስላል። የ2011 ቦስተንን ከላይ አንስታችኋል፤ እነሱንም የጣላቸው አጋጣሚ ብቻ አልነበረም፤ ጨዋታ ከፋች ወርዋሪዎቻቸው ተዳክመው በየምሽቱ ከጅምሩ ወደ ኋላ እየቀሩ ነበር። ከዚያ ጋር የሚመሳሰል ነገር እያየሁ ዝም ማለት አልችልም።

ነብሩ_84፦

ለሁላችሁም ምስጋናዬ ከልብ ነው። የ2006ቱን ጨርሶ ረስቼው ባልሆንም መጨረሻው የበለጠ ትዝ ስለሚለኝ የአገባባችንን ነገር ልብ አላልኩትም ነበር። ግራ_እጅ የጻፉት ግን ከሁሉም በላይ ገብቶኛል፤ የኔም ፍርሃት ከዚያው የሚመነጭ ነው። አንድ ነገር ብቻ ግልጽ ቢሆንልኝ፦ ምድቡን አጥተን በዋይልድ ካርድ ብንገባ በተግባር የምናጣው ምንድን ነው? ክሊቭላንድም ቢሆን የመጀመሪያውን ዙር ያለ ጨዋታ የሚያልፍ አይመስልም።

የኤሪ_ዳርቻ፦

የክሊቭላንድ ደጋፊ ነኝ፤ በሰው ለቅሶ መካከል እንደገባሁ አድርጋችሁ እንደማትቆጥሩኝ ተስፋ አደርጋለሁ። የተጠየቀውን በቀጥታ ልመልስ። ከ2022 ጀምሮ በየሊጉ ስድስት ቡድን ይገባል፤ የተሻለ ውጤት ያላቸው ሁለት የምድብ አሸናፊዎች ያርፋሉ፣ ሦስተኛው የምድብ አሸናፊ ከስድስተኛው ጋር ይጋጠማል። የኛ ምድብ አሸናፊ ዘንድሮ ሦስተኛ ሆኖ የሚጨርስ ስለሚመስል እውነት ነው፣ እኛም አናርፍም። ነገር ግን ሦስቱም ጨዋታ የሚደረገው በከፍተኛው ደረጃ ሜዳ ነው፤ ዝቅ ያለው ቡድን አንድም ቀን በሜዳው አይጫወትም። ስለዚህ እናንተ ስድስተኛ ብትሆኑና እኛ ምድቡን ብንወስድ፣ በሚመጣው ማክሰኞ ሻንጣችሁን ይዛችሁ የምትመለሱት ወደዚሁ ወደ ክሊቭላንድ ነው። እኩል ብንጨርስስ እንዳትሉ፤ እንደ ድሮው የመለያ ጨዋታ የለም፣ የእርስ በርስ ውጤት ይታያል፣ በዚያም እኛ እንበልጣችኋለን። ሂውስተንን በተመለከተ ግን ያው ደንብ ለእናንተ ያደላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጁላይ 6 ቀን እኛ አሥር ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፈን 40 ለ 48 ነበርን። ያን ሳምንት የኛ ደጋፊዎች ይጽፉት የነበረው ነብሩ_84 ዛሬ ከጻፉት እጅግ የከፋ ነበር፤ አብዛኛው ሰው ተጫዋቾች እንዲሸጡ ይጠይቅ ነበር፣ የዝውውሩ ቀን ሲደርስም ሼን ቢበር ለቶሮንቶ ተላልፏል። ከዚያ ወዲህ ቡድኑ በሰው ብዙም አልተለወጠም፤ የተለወጠው ወርዋሪዎቹ ከጨዋታ ጨዋታ ጥቂት ነጥብ ብቻ መስጠታቸው ነው። መቺዎቻችን ዛሬም ብዙ አይመቱም። የማክሰኞው ባንት የመጣው ስኩባልን ወንጭፎ መምታት እንደማይቻል ሁላችን ስለምናውቅ ነው፤ ካምናው የፕሌይኦፍ አምስተኛ ጨዋታ በቀር ማለቴ ነው፣ ሌን ቶማስ አራት ነጥብ ያስገኘውን ሆም ራን የመታበት፣ ይቅርታ ይደረግልኝና። እውነቱን ለመናገር በሦስት ጨዋታ ዙር ልገጥመው የማልፈልገው ሰው ቢኖር ስኩባል ነው፤ በመጀመሪያው ቀን እሱን ካየን ሁለቱን ቀሪ ጨዋታዎች በግድ ማሸነፍ ይጠበቅብናል ብዬ ነው የምቀመጠው።

ዘጠነኛው_ኢኒንግ፦

የክሊቭላንዱ ወዳጃችን ሳያስቡት ዋናውን ነገር ነኩት። ስኩባል የወረወረው ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 23 ነው። በተለመደው የአራት ቀን ዕረፍት ተራው የሚደርሰው እሑድ፣ ቦስተን ላይ በመጨረሻው ቀን ነው። የዋይልድ ካርዱ ዙር የሚጀምረው ደግሞ ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 30 ነው። እሑድ ከወረወረ ማክሰኞም ረቡዕም አይገኝም፤ ቢበዛ ሐሙስ ለሚደረገው ሦስተኛ ጨዋታ፣ ያውም ዕረፍቱ አጥሮ።

የሽንፈቱ ጉዳት እኔ እንደሚመስለኝ እዚህ ላይ ነው። በመንፈስ ተሰብረን መግባታችን አይደለም የሚጎዳን፤ ቀደም ብሎ ያለፈ ቡድን ወርዋሪዎቹን እንደፈለገ ያሰልፋል፣ እስከ መጨረሻው ቀን የሚንጠለጠል ቡድን ግን ምርጫውን ያጣል። የ1964ቱ ፊላዴልፊያ ፊሊስ ይህን በደንብ ያሳያል። 12 ጨዋታ ሲቀረው በ6 ጨዋታ ተኩል ይመራ ነበር። ሴፕቴምበር 21 ቀን የሲንሲናቲው ቺኮ ሩዊዝ ኳስ ሳይመታ ወደ ሆም ቤዝ ሮጦ ነጥብ ሰርቆባቸው 1 ለ 0 ተሸነፉ፤ ከዚያ ሽንፈቱ አሥር ደረሰ። አሰልጣኙ ጂን ማውክ በድንጋጤ ሁለቱን ምርጥ ወርዋሪዎቹን ጂም በኒንግንና ክሪስ ሾርትን በሁለት ቀን ዕረፍት ብቻ ደጋግሞ አሰለፋቸው፤ ክንዳቸውም አልቻለም። ዋንጫውን በመጨረሻ ሴንት ሉዊስ ወሰደ። አሰልጣኛችን ኤ. ጄ. ሂንች እንዲህ አያደርግም ብዬ አምናለሁ፤ ሆኖም የእሑዱ ጥያቄ ሊመጣበት ነው።

ግራ_እጅ፦

እኔ በምንም ምክንያት እሑድ አላሰልፈውም። ስኩባል ያልተዘጋጀበት ፕሌይኦፍ ምን ያደርግልናል?

ቆጣሪው፦

ይህ እንኳ በስሌት ሊታይ የሚችል ነው፤ መልሱም ግራ_እጅ ካሉት ትንሽ ይለያል። ለምሳሌ ያህል ስኩባል በሚወረውርበት ቀን የማሸነፍ ዕድላችን 60 ከመቶ፣ በሌላው ቀን 50 ነው እንበል። ከተጋጣሚ ሜዳና ከሌላው ነገር ለጊዜው እንለፍ።

እሑድ ከመድረሱ በፊት ማለፋችን ከተረጋገጠ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ለማክሰኞ ይቀመጥ። በመጀመሪያው ጨዋታ እሱ ካለ ዙሩን የማሸነፍ ዕድላችን 55 ከመቶ ይሆናል፤ ከሌለ 50። እሑድን ማሸነፍ ለመግባት ግድ ከሆነ ግን ሂሳቡ ይገለበጣል። እሑድ እሱን ብናሰልፍ መግባትንም ዙሩን ማሸነፍንም አንድ ላይ የማሳካት ዕድላችን 60 ከመቶ በ50 ከመቶ ተባዝቶ 30 ከመቶ ነው። ብናስቀምጠው ደግሞ 50 ከመቶ በ55 ከመቶ ተባዝቶ 27 ከመቶ ተኩል ይሆናል። ልዩነቱ ትንሽ ቢሆንም ወደ ማሰለፉ ያደላል፤ ምክንያቱም እሑድ የምናጣው ሁሉንም ሲሆን ማክሰኞ የምናጣው ከሦስት አንዱን ነው። ይህ የሚለወጠው ማለፍ የተረጋገጠ ሆኖ ምድቡ ብቻ እሑድ ላይ ሲንጠለጠል ነው። ያን ጊዜ ለአንድ የሜዳ ጥቅም ሲባል ስኩባልን ማውጣት ትርፍ ያለው አይመስለኝም፤ በቤዝቦል የሜዳ ጥቅም ከጥሩ ወርዋሪ ያነሰ ዋጋ አለው።

ስለዚህ ነገ ከምድቡ ይልቅ ለኔ የሚያስጨንቀኝ ከሂውስተን ጋር ያለው ርቀት ነው። ነገን ብናሸንፍና ቦስተን ላይ እስከ ቅዳሜ ማታ ከሁለቱ አንዱን ብናገኝ፣ ሂውስተንም አንድ ጨዋታ ቢጥል፣ እሑድ ማንም ቢወረውር ግድ አይኖረኝም።

ነብሩ_84፦

በጣም ግልጽ ሆኖልኛል። እንግዲህ ነገ ጨዋታውን የማየው አንድ ዐይኔን ክሊቭላንድ፣ አንዱን የሂውስተን ውጤት ላይ አድርጌ ነው። የኤሪ_ዳርቻ፣ ማክሰኞ እዚያው የምንገናኝ ከሆነ መቺዎቻችሁ ባንቱን ይቀንሱልን፤ ፍራይም በቶሎ እንዲያገግም ከልብ እመኛለሁ።

የኤሪ_ዳርቻ፦

አሜን፣ ስለ ፍራይ። ባንቱን ግን ቃል አልገባም።